ነሐሴ 23 ወደ ኢስተርን ማርኬት፦ የጋራ ሐሳባችንን እዚህ እናርቅቀው

ጸሐፊ፦ ለማኅበራችን ሥራ አመራር የሚቀርበው ሐሳብ መነሻ ይህ ነው። ቅዳሜ ነሐሴ 23 ቀን 2018 (ኦገስት 29፣ 2026) 40 ሰው ሆነን ዋሽንግተን ወደሚገኘው ኢስተርን ማርኬት የተባለ ገበያ እንሂድ። ፍልሰታ ከተፈታ ልክ ሳምንቱ ነው፤ ለእንቁጣጣሽ ስጦታ የሚገዛም ጊዜ ያገኛል። ቅዳሜና እሑድ ገበያው ያለበት ሰባተኛው መንገድ ለመኪና ስለሚዘጋ ልጆች ይዞ ለመሄድ ይመቻል። በተቻለ መጠን በቁጥር እንነጋገር።

አንድ አባል፦ እሑድ ቢሆንስ? አሮጌ ዕቃና መጻሕፍት በብዛት የሚወጣው እሑድ ነው።

የሴቶች ክፍል፦ እሑድ ብዙ ሰው ቅዳሴ ላይ ነው፤ ተሰብስበን ስንወጣ እኩለ ቀን ያልፋል፣ ሙቀቱም ይበረታል። ቅዳሜ ገበሬዎቹም ሸክላና ጌጥ ሠሪዎቹም ስላሉ ለእኛ ይበቃናል። ቅዳሜ ይጽና።

የሲልቨር ስፕሪንግ ተወካይ፦ በመኪና የሚመጣ ሰው ማቆሚያ ሲፈልግ ይውላል፤ ሁላችንም በከተማው ባቡር፣ በሜትሮ፣ እንሂድ። ከእኛ በኩል በቀዩ መስመር እስከ ሜትሮ ሴንተር ጣቢያ ሄዶ እዚያ መቀየር ነው። ስትቀይሩ ስለ ቀለሙ አትጨነቁ፤ ኒው ካሮልተን ወይም ዳውንታውን ላርጎ የሚል ባቡር ሁሉ ኢስተርን ማርኬት ያደርሳል። መኪና ማቆም የሚፈልግ ፎረስት ግሌን ጣቢያ ያቁም፤ በሜትሮ ማቆሚያዎች ቅዳሜና እሑድ አይከፈልም።

የአሌክሳንድሪያ ተወካይ፦ እኛ ከቫን ዶርን ጣቢያ በሰማያዊው መስመር ያለ ቅያሪ እንደርሳለን። ሁለት ነገር ይጨመርልኝ። አንድ የስማርትሪፕ ካርድ (የሜትሮ መክፈያው) ለሁለት ሰው አይሠራም፤ በር ላይ ሲደረስ ነው ችግሩ የሚታየው። ካርዱ ዓርብ ይሞላ፣ ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ግን አያስፈልግም። ሌላው፣ የሐዲድ ጥገና ብዙ ጊዜ የሚደረገው በሳምንት መጨረሻ ስለሆነ ዓርብ ማታ ማስታወቂያውን የሚያይ አንድ ሰው ይመደብ። ያው ሰው የጣቢያዎቹን አሳንሰር ይመልከት፤ ከተበላሸ ምርኩዝ የያዙ አባቶችና እናቶች ረጅም ደረጃ ይጠብቃቸዋል።

የወጣቶች ክፍል፦ 40 ሰው ባንድ ላይ ከሄደ መተላለፊያው ይዘጋል፣ ሻጮቹም ይማረራሉ። ስምንት ስምንት ሆነን አምስት ቡድን እንሁን፤ በየቡድኑ አንድ ስልኩ የተሞላ ወጣት ይኑር። መገናኛችን ከጣቢያው ማዶ ያለው ፓርክ ይሁን፤ የልጆች መጫወቻ አለው። ጠዋት 3፡00 መግቢያ፣ ቀን 6፡30 መሰብሰቢያ።

የሴቶች ክፍል፦ ስለ ምግቡ ዘርዘር ላድርገው፤ ቅሬታ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው። በሕንጻው ውስጥ ያለው ምግብ ቤት በብሉቤሪ ፓንኬክና በሸርጣን ጥብስ ይታወቃል፤ ጠዋት ወረፋው ረጅም ነው፣ ልጅ የያዘ ባይሰለፍ ይሻላል። ሸርጣን የማይበሉ አባላት ብዙ ናቸውና አስቀድሞ ይነገር። ለሙስሊም አባሎቻችን ደግሞ ቁርሱ ከአሳማ ሥጋ ጋር ባንድ ምጣድ ሊጠበስ ስለሚችል ሳይጠይቁ አይዘዝ። ውጭ ካሉት የምግብ ድንኳኖችና የፍራፍሬ ሻጮች ሁሉም የሚሆነውን ያገኛል። የተገዛ ምግብ እዚያው ይበላ፤ ባቡር ውስጥ መብላትም መጠጣትም ክልክል ነው።

ሒሳብ ያዥ፦ ምግቡን ማኅበሩ ይክፈል የሚል ሐሳብ ቢነሳ አልደግፍም። የሁሉም ምርጫ ይለያያል፣ ደረሰኝ መሰብሰቡም አይቻልም። ማኅበሩ ውኃ ይቻል፤ ለሰው ሁለት ግማሽ ሊትር፣ በድምሩ 80 ጠርሙስ። ሁለት ባለ 10 ፓውንድ በረዶና ሁለት ኩለርም (የማቀዝቀዣ ሣጥን) ይጨመር። ኩለሮቹ ባለጎማ ይሁኑ፤ በትከሻ የሚሸከማቸው አይገኝም።

አንድ አባል፦ ኩለሩ ለሥጋም ይሆናል? ለበዓል ከሉካንዳዎቹ መግዛት የምንፈልግ አለን።

የሴቶች ክፍል፦ ይሆናል፣ ግን ሥጋው የመጨረሻ ግዢ ይሁን። ሙቀቱ 32 ዲግሪ ካለፈ ሥጋ ከበረዶ ውጭ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ የባቡሩ መንገድ ብቻ አብዛኛውን ይወስደዋል። ስለዚህ 6፡00 ላይ ይገዛ፣ ውኃው ካለቀበት ኩለር በረዶው ላይ ይቀመጥ። ዶሮ የምትገዙ ሙሉውን ውሰዱ። እዚህ የሚቆርጡት ስምንት ቦታ ስለሆነ ለወጣችን 12ቱን ብልት ማውጣት አይቻልም። ለእንቁጣጣሽ የሚቆየው ያን ዕለት ማታውኑ ፍሪዘር ይግባ። ለክትፎም የተፈጨ አትግዙ፤ ሲፈጭ በላዩ ያለው ጀርም ወደ ውስጥ ይገባል። ቶፕ ራውንድ የሚባለውን የጭን ሥጋ ሙሉውን ይዛችሁ ቤት ይከተፍ።

አንድ አባል፦ ዋጋ መከራከር ይቻላል?

የሲልቨር ስፕሪንግ ተወካይ፦ እንደ መርካቶ ግማሹን መጥራት እዚያ ያስቀይማል፤ የእጅ ሥራውን የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ሠሪው ራሱ ነው። ሁለት ሦስት ሲገዙ «አንድ ላይ ስንት ይሆናል?» ማለት ግን ያስኬዳል። ባለ 5 እና ባለ 10 ዶላር ዝርዝር ይያዝ።

የወጣቶች ክፍል፦ ለልጆቹ አሥር ደቂቃ ስለ ሕንጻው እንንገራቸው። በ1873 የተከፈተ ነው፤ አዶልፍ ክሉስ የተባለ ጀርመን ተወላጅ ነው የነደፈው። በ2007 ተቃጥሎ በ2009 ታድሶ ተከፈተ።

ጸሐፊ፦ ይግባ። ረቂቁ ላይ የምጽፈው፦ ቅዳሜ ነሐሴ 23፣ በባቡር፣ አምስት ቡድን፣ ማኅበሩ ውኃ፣ በረዶና ኩለር፣ ምግብ በየግል፣ ሥጋ 6፡00 ላይ። የሐዲዱንና የአሳንሰሩን ማስታወቂያ የሚያይ ሰው ገና አልተመደበም፤ ፈቃደኛ የሆነ እዚህ ስር ይጻፍ።

የአሌክሳንድሪያ ተወካይ፦ እኔ አያለሁ። ዓርብ ማታ 3፡00 ላይ አሳውቃችኋለሁ።