የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከካውንስል ነጻ የትምህርት ቤት መጓጓዣ የሚያገኘው በምን መስፈርት ነው?

ጥያቄ፦ የሰባተኛ ዓመት ተማሪ እናት

የተከበራችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ በእንግሊዝ አገር ካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ወጪውን ስለሚሸፍነው የትምህርት ቤት መጓጓዣ የምታውቁ ካላችሁ እንድትረዱኝ እጠይቃለሁ። አሥራ አንድ ዓመት የሞላት ልጄ በመጪው ሴፕቴምበር ሰባተኛ ዓመትን፣ ማለትም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ትጀምራለች። የምንኖረው ከለንደን ውጭ፣ አውቶቡስ አልፎ አልፎ ብቻ በሚያልፍበት አነስተኛ መንደር ውስጥ ነው። በማመልከቻዋ ላይ በአንደኛ ምርጫነት የጻፍነው ከቤታችን 1.4 ማይል የሚርቀውን ትምህርት ቤት ነበር፤ ሆኖም ቦታው ስለ ሞላ ሁለተኛ ምርጫችን ደረሳት። ይኸኛው በስልኬ ካርታ ስለካው 2.7 ማይል ይርቃል።

ለካውንስሉ የመጓጓዣ ማመልከቻ ሳቀርብ የመጣልኝ መልስ አጭር ነው። ልጅቷ ከ8 ዓመት በላይ ስለሆነችና ርቀቱም ከ3 ማይል ስለሚያንስ መብት የላትም ይላል። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠውን ዩኒቨርሳል ክሬዲት የተባለ የመንግሥት ድጎማ እንቀበላለን፤ ባለቤቴ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ ይሠራል፤ እኔም ታናሹን ልጃችንን ስለማሳድግ ሥራ የለኝም። በቅጹ ላይ ስለ ገቢ የሚጠይቅ ቦታ ነበር፤ ገቢያችን ከርቀት ጋር ምን ያገናኘዋል ብዬ ባዶውን ተውሁት። በዚያ ላይ ከመንደራችን የሚወጣው መንገድ ለግማሽ ማይል ያህል የእግረኛ መሄጃ የለውም፣ በክረምት ደግሞ ልጆች ወደ ቤት በሚመለሱበት ሰዓት ይጨልማል። የደረሳትን ትምህርት ቤት በካርታ ላይ ስቆጥር ለቤታችን በቅርበት አራተኛ ሆኖ አገኘሁት፤ ይህም ተስፋዬን ይበልጥ ቀንሶታል። ይግባኝ ብል የሚሰማኝ ይኖራል? ወይስ 3 ማይል የሚለው ሕግ የማይነቃነቅ ነው?

መልስ፦ በካውንስል የመጓጓዣ ክፍል የሠራ

እህቴ፣ የ3 ማይሉ ሕግ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከሕጉ አንዱ ክፍል ብቻ ነው፤ ካውንስሉ የመለሰልዎትም በዚሁ አንድ ክፍል ላይ ተመሥርቶ ይመስላል። በእንግሊዝ የዚህ ጉዳይ መሠረት በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የትምህርት ሕግ ነው። ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ 2 ማይል፣ ከ8 እስከ 16 ዓመት ላለ ደግሞ 3 ማይል (4.8 ኪሎ ሜትር ገደማ) በእግር ሊሄደው የሚጠበቅ ርቀት ሆኖ ተደንግጓል። እነዚህ ቁጥሮች በ1944ቱ የትምህርት ሕግም ውስጥ ነበሩ። ተማሪው ለእሱ ተስማሚ በሆነውና በቅርቡ ባለው ትምህርት ቤት የሚማር ከሆነና ርቀቱ ከዚህ ወሰን ካለፈ፣ የቤተሰቡ ገቢ ምንም ያህል ይሁን ካውንስሉ በነጻ የማጓጓዝ ግዴታ አለበት።

እርስዎን የሚመለከተው ግን በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የተጨመረውና ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የተሰጠው የተራዘመ መብት ነው። በዚህ መሠረት ዕድሜው ከ11 እስከ 16 ዓመት የሆነ ልጅ፣ ለቤቱ ቅርብ ከሆኑት ሦስት ተስማሚ ትምህርት ቤቶች በአንዱ የሚማር ከሆነና ርቀቱ ከ2 ማይል በላይ ሆኖ ከ6 ማይል ካልበለጠ፣ ነጻ መጓጓዣ ይገባዋል። ወላጆች በሃይማኖታቸው ወይም በእምነታቸው ምክንያት ለመረጡት ትምህርት ቤት ደግሞ፣ ከዚያ የሚቀርብ በዚያው እምነት የተመረጠ ተስማሚ ትምህርት ቤት እስከሌለ ድረስ፣ ወሰኑ ከ2 እስከ 15 ማይል ነው። ስለዚህ የእርስዎ 2.7 ማይል በተራዘመው መብት ውስጥ በትክክል ይገባል፤ ባዶ የተውት የገቢ ጥያቄ ነው መብቱን የደበቀው።

ዝቅተኛ ገቢ ማለት ምን እንደሆነ ቁርጥ ያለ ትርጉም አለው። ዩኒቨርሳል ክሬዲት መቀበል ብቻውን አይበቃም፤ ቤተሰቡ በሥራ የሚያገኘው ከግብር በኋላ ያለው ገቢ በዓመት ከ7,400 ፓውንድ መብለጥ የለበትም፤ ከመንግሥት የሚገኘው ድጎማ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። ገቢያችሁ ከወር ወር የሚለዋወጥ ከሆነ እስከ ሦስት የሚደርሱ የቅርብ ጊዜ የክፍያ ወራት ተደምረው ይታያሉ፤ ለአንድ ወር 616.67፣ ለሦስት ወር 1,850 ፓውንድ ነው ገደቡ። በ1999ኙ የስደተኞችና የጥገኝነት ሕግ ክፍል 6 ድጋፍ የሚያገኙ የጥገኝነት ጠያቂ ቤተሰቦችም በዚህ ውስጥ ይካተታሉ፤ ይህን ብዙ ወገኖቻችን ሳያውቁት ስለሚያልፍባቸው እዚህ ላይ ማንሣቴ ነው። አንድ ጊዜ በገቢ ምክንያት መብቱ ከተረጋገጠ ደግሞ ዓመቱ ሳያልቅ ባለቤትዎ ተጨማሪ ሥራ ቢያገኝ እንኳ ካውንስሉ እስከ ትምህርት ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ሊያከብረው ይገባል።

«አራተኛ ነው» ያሉትን ቆጠራ እንደገና እንዲያዩት እመክራለሁ። የሚቆጠሩት በካርታ ላይ የሚታዩት ሕንጻዎች ሁሉ ሳይሆኑ ለልጅዎ ተስማሚ የሆኑትና ቦታ ያላቸው ናቸው። ልጅቷን ቦታ የለንም ብሎ የመለሳት ትምህርት ቤት ከቆጠራው ይወጣል። የወንዶች ብቻ የሆነ ካለ ይወጣል፤ ክፍያ የሚያስከፍል የግል ትምህርት ቤትም እንዲሁ። በአንጻሩ በአጎራባች ካውንስል ክልል ያለ ትምህርት ቤት ከቀረበ ይቆጠራል። ብዙ ወላጆችን የሚያደናግረው ደግሞ የመግቢያ ክልል የሚባለው ነገር ነው፤ አንድ ትምህርት ቤት መንደራችሁን በክልሉ ውስጥ ማስገባቱ ለቅበላ እንጂ ለመጓጓዣ መብት በሕግ የሚጨምረው ነገር የለም።

መልስ፦ የሦስት ልጆች አባት

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ እኔ በርቀቱ አለካክና በመንገዱ ደኅንነት ላይ ብቻ ልጨምር። የስልክ ካርታ ማስረጃ ለመሆን አይበቃም፤ ካውንስሎች የራሳቸው የመለኪያ ሥርዓት አላቸው። የ2 እና የ3 ማይሉ ወሰን የሚለካው ልጅ፣ እንደ አስፈላጊነቱ ትልቅ ሰው እያጀበው፣ በደኅና ሊሄድበት በሚችለው አጭር የእግር መንገድ ነው፤ ይህም መኪና የማይገባበትን የእርሻ መሐል መንገድ ሁሉ ሊጨምር ይችላል። የ6 እና የ15 ማይሉ ጣሪያ ግን የሚለካው በመኪና መንገድ ነው። እኔ ከዓመታት በፊት ካውንስሉ የለካበትን መንገድ በካርታ ላይ አስምሮ እንዲልክልኝ በጽሑፍ ጠይቄ ነበር፤ ሲደርሰኝም በክረምት በውኃ የሚሞላ የመስክ መንገድ እንደ መራመጃ ተቆጥሮ አገኘሁት። መንገዱን በበጋም በክረምትም ፎቶግራፍ አንሥቼ አቀረብሁ፤ ያ መስመር ሲወጣ ርቀቱ ከ3 ማይል አለፈ። ስለዚህ ማንኛውም ሰው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ያንን ካርታ ነው።

የእግረኛ መሄጃ የሌለው መንገድ ስላሉት ግን ልብዎን ሙሉ በሙሉ እንዳያሳርፉበት በቅንነት እነግርዎታለሁ። የእግረኛ መሄጃ ወይም የመንገድ መብራት አለመኖሩ ብቻውን መንገዱን አደገኛ አያሰኘውም። የሚታየው የመንገዱ ስፋት፣ የተሽከርካሪው ብዛትና ፍጥነት፣ መኪና ሲመጣ ጥግ ሊይዙበት የሚቻል ዳርቻ መኖሩ፣ በተለያየ የዓመቱ ወቅት መንገዱ ምን እንደሚመስል ነው። መንገዱ የሚመዘነውም ልጁ ብቻውን እንደሚሄድ ሳይሆን አስፈላጊ ከሆነ ወላጅ አጅቦት እንደሚሄድ ታስቦ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. ከኤሴክስ አውራጃ የመጣ አንድ የፍርድ ጉዳይ በዚያን ጊዜ የመጨረሻው ፍርድ ሰጪ እስከነበረው ሎርዶች ምክር ቤት ደርሶ ነበር። የ12 ዓመት ልጅ መንገዷ 2.94 ማይል ሲሆን ከፊሉ ጭር ያለ፣ በክረምት ለብቻዋ ለመሄድ የሚያሰጋ ነበር፤ ዳኞቹ ግን ሰው ካጀባት ልትሄድበት ትችላለች በማለት ለካውንስሉ ፈረዱ። ይህ አስተሳሰብ ዛሬም በመመሪያው ውስጥ ይገኛል። ወላጅ ሥራ ላይ ነኝ ቢል ብቻውን እንደ በቂ ምክንያት አይወሰድለትም፤ አካል ጉዳተኛ የሆነና ማጀብ የማይችል ወላጅ ጉዳይ ግን ለብቻው ሊታይ ይገባል። በእርስዎ ቦታ ብሆን የገቢውን ምክንያት በመጀመሪያ፣ የመንገዱን ደኅንነት በሁለተኛ ደረጃ አድርጌ አቀርብ ነበር።

የጠያቂዋ ተጨማሪ ጥያቄ

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። እንደተባልሁት እንደገና ስቆጥር፣ ከአራቱ አንዱ የወንዶች ትምህርት ቤት ነው፣ ሌላው ቦታ የለም ብሎ የመለሰን ነው፤ ስለዚህ የደረሳት ሁለተኛ ይሆናል። የሚያሳስበኝ በመካከል ያለውና 2.3 ማይል የሚርቀው ሦስተኛው ትምህርት ቤት ነው፤ እሱን በምርጫችን ውስጥ ጨርሶ አልጻፍነውም። ይህ መብቷን ያሳጣታል? ደግሞም ታላቅ ወንድሟ አሁን 16 ዓመት ሞልቶት ወደ ኮሌጅ ይሄዳል፤ ለእሱም በዚሁ መንገድ ማመልከት እችላለሁ?

መልስ፦ በካውንስል የመጓጓዣ ክፍል የሠራ

ገቢያችሁ ከገደቡ በታች ከሆነ አያሳጣትም፤ በተራዘመው መብት ከሦስቱ ቅርብ ትምህርት ቤቶች አንዱ መሆኑ ይበቃልና። ይሁን እንጂ ይህን ጥያቄ ማንሣትዎ ለሌሎች አንባቢዎች ትልቅ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም ገቢያቸው ከገደቡ በላይ የሆነ ቤተሰቦች በብዛት የሚሰናከሉት እዚሁ ላይ ነው። ርቀቱ ከ3 ማይል በላይ ቢሆንም እንኳ፣ ሌላ ቀረብ ያለ ተስማሚ ትምህርት ቤት ኖሮ በምርጫ ውስጥ ቢጻፍ ኖሮ ቦታ ይገኝበት የነበረ ከሆነ፣ ካውንስሉ «የራቀውን የመረጣችሁት በፈቃዳችሁ ነው» ብሎ መከልከል ይችላል። የምርጫ ቅጹ የሚሞላው እስከ ኦክቶበር 31 ነው፤ የመጓጓዣው ጉዳይ መታሰብ ያለበትም ያኔ ነው እንጂ ቦታው ከተመደበ በኋላ አይደለም።

ልዩ የትምህርት ፍላጎት፣ አካል ጉዳት ወይም የመንቀሳቀስ ችግር ያለበት ልጅ ግን ርቀቱ ከወሰኑ በታች ቢሆንም፣ ሰው አጅቦትም እንኳ በእግሩ ይሄዳል ተብሎ የማይጠበቅ ከሆነ መብት አለው። ለዚህም ኢኤችሲፒ የሚባለው የትምህርት፣ የጤናና የእንክብካቤ ዕቅድ እንዲኖረው ግዴታ አይደለም። ይህን «ዕቅድ ከሌለው አይሆንም» ተብለው የተመለሱ ወላጆች ስላሉ ነው አጥብቄ የምጽፈው።

ወንድምየውን በተመለከተ፣ ከ16 ዓመት በኋላ ሕጉ ይለወጣል። ካውንስሉ በነጻ የማጓጓዝ አጠቃላይ ግዴታ የለበትም፤ ያለበት ግዴታ ለዚህ ዕድሜ ምን ዓይነት ድጋፍ እንደሚሰጥ የሚገልጽ ሰነድ በየዓመቱ እስከ ሜይ 31 ማሳተም ነው። ብዙዎቹ ካውንስሎች ለዚህ ድጋፍ ያስከፍላሉ። ስለዚህ የካውንስሉን ሰነድ ያንብቡ፤ በተጨማሪም ልጁ ራሱ በኮሌጁ የሚሰጠውንና ከ16 እስከ 19 ዓመት ለሆኑ ተማሪዎች የተመደበውን የድጎማ ገንዘብ ይጠይቅ፤ ይህ ገንዘብ ለመጓጓዣም ይውላል።

መልስ፦ ከለንደን

ለለንደን ነዋሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ከ11 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ዚፕ ኦይስተር በሚባለው የፎቶ ካርድ በአውቶቡስና በትራም በነጻ ስለሚጓዙ፣ ካውንስሎቹ ግዴታቸው በዚያ እንደተፈጸመ ይቆጥሩታል። ልጁ በአውቶቡስ መሄድ የማይችልበት ምክንያት ካለ ግን ያንኑ ገልጾ ማመልከት ይቻላል። ዌልስ፣ ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የሚኖሩ ወገኖች ደግሞ የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው እዚህ የተጻፈውን ሁሉ ለራሳቸው እንዳይወስዱት።

መልስ፦ በካውንስል የመጓጓዣ ክፍል የሠራ

ስለ ይግባኙ ሳልጽፍ መቅረት አልፈለግሁም። የመንግሥት መመሪያ የሚመክረው ሁለት ደረጃ ያለው ሥርዓት ነው። የውሳኔው ደብዳቤ ከደረስዎት በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንደገና እንዲታይ ይጠይቃሉ፤ አንድ ከፍተኛ ኃላፊ አይቶ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ ምክንያቱን ዘርዝሮ ይመልሳል። ካልተስማሙ በተጨማሪ 20 የሥራ ቀናት ውስጥ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይሻገራሉ፤ በመጀመሪያው ውሳኔ እጃቸውን ያላስገቡ ሰዎች የተቀመጡበት ጉባኤ ጉዳዩን በ40 የሥራ ቀናት ውስጥ ያያል፤ እርስዎም ቀርበው መናገር ይችላሉ። ከዚያም በኋላ አሠራሩ ጉድለት ነበረበት ብለው ካመኑ ለአካባቢ መንግሥትና ለማኅበራዊ እንክብካቤ እምባ ጠባቂ አቤት ማለት ይቻላል።

በእርስዎ ጉዳይ ግን ወደዚያ መድረስ ላያስፈልግ ይችላል። የዩኒቨርሳል ክሬዲቱን የቅርብ ጊዜ መግለጫዎች፣ አንደኛው ምርጫ ቦታ እንደሌለው የሚገልጸውን የማርች ደብዳቤና የወንዶቹን ትምህርት ቤት ስም አያይዘው፣ «ማመልከቻዬ በዝቅተኛ ገቢ በተሰጠው የተራዘመ መብት መሠረት እንዲታይልኝ እጠይቃለሁ» ብለው በግልጽ ይጻፉ። የገቢው መረጃ አዲስ ስለሆነ አዲስ ማመልከቻም ጎን ለጎን ያስገቡ፤ ይግባኙ ግን ቀኑ እንዳያልፍበት። ሴፕቴምበር ሳይደርስ መልስ ካላገኙ የአውቶቡስ ወጪዎን ደረሰኝ ያስቀምጡ፤ መብቱ የነበራት መሆኑ ኋላ ከተረጋገጠ ያወጡት ገንዘብ እንዲመለስልዎት ለመጠየቅ ያገለግልዎታል።