ጥቆማ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሒሳቡን በስልክ፣ ጉርሻውን በእጅ

የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ደውላ «ለመውሊድ ደሴ እመጣለሁ፤ ምግብ ቤት በካርድ መክፈል ይቻላል? ጉርሻስ ስንት በመቶ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ባጭሩ መለስኩላት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ከአዲስ አበባ ለሥራ የሚመጡ ባልደረቦቼም፣ ልጆቻቸውን ወሎ ዩኒቨርሲቲ ለማድረስ የሚመጡ ወላጆችም ይህንኑ እንደሚጠይቁኝ ትዝ አለኝ። እኔ ደሴንና ኮምቦልቻን የሚያገናኘውን የሐረጎን ቁልቁለት በየቀኑ እየወረድኩና እየወጣሁ ምሳዬን ውጭ የምበላ ሰው ነኝ፤ ተማሪ ሳለሁም ሁለት ክረምት አስተናጋጅ ሆኜ ሠርቻለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፈው።

ዋናውን ላስቀድም። የምግቡን ሒሳብ በሚመቻችሁ መንገድ ክፈሉ። ጉርሻውን ግን በወረቀት ብር፣ ላስተናገደቻችሁ ልጅ በእጇ ስጡ። በቴሌብር ወይም በባንክ ሒሳቡ ላይ ደምራችሁ አትላኩ።

ይህን የተማርኩት ኮምቦልቻ ውስጥ ነው። ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር ምሳ በልተን ሒሳቡ 1,340 ብር መጣ። አስተናጋጇ ገና የተቀጠረች፣ ትሪውን በሁለት እጇ አጥብቃ የምትይዝ ልጅ ነበረች። እንጀራው ሊያልቅ ሲል ሳንጠራት ጨምራ መጣች፤ አንዱ ባልደረባችን ሚጥሚጣ እንደማይበላ ከሰማች በኋላ ሰሃኑን ከፊቱ አንስታ ወደ ሌላው ጥግ አዞረችው። ደስ ብሎኝ በቴሌብር 1,450 ብር ላክሁና «ትርፉ የአንቺ ነው» አልኳት። ስልኬን ተቀብላ የማረጋገጫውን መልእክት በራሷ ስልክ ፎቶ አነሳች፤ አመስግናኝ ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ሄደች። በሳምንቱ ስመለስ «ያችን ብር ሰጡሽ?» አልኳት። ጠረጴዛውን መጥረግ ጀመረች። «ጋሼ፣ ብሩ የሚገባው በባለቤቱ ቁጥር ነው። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ከሽያጩ ጋር ነው የሚደመረው» አለችኝ ቀና ሳትል።

ከዚያ ወዲህ በገባሁበት ሁሉ እጠይቃለሁ። ነገሩ የአንድ ቤት ጥፋት አይደለም፤ አሠራሩ ራሱ ነው። ለነጋዴው ቁጥር የተላከ ገንዘብ አንድ ድምር ሆኖ ይገባል፤ የቱ የምግብ፣ የቱ የሰው እንደሆነ መልእክቱ አይናገርም። አንዳንድ ቤት ገንዘብ ተቀባይዋ ትርፉን ወዲያው ከመሳቢያ አውጥታ ለአስተናጋጇ ትሰጣለች። ደሴ ፒያሳ አካባቢ እንዲህ የሚያደርግ አንድ ቁርስ ቤት አለ፤ ፍርፍሩ ከሌላው የተለየ ባይሆንም ደንበኛው የሆንኩት በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው ቤት በወር መጨረሻ እንሰጣለን ይላል፤ በወር መጨረሻ ግን የሚያስታውሰው የለም። ወረቀት ብር ካልያዛችሁ ከመላካችሁ በፊት «ትርፍ ብልክ አሁኑኑ በእጅ ትሰጧታላችሁ?» ብላችሁ ገንዘብ ተቀባይዋን ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ነውር የለበትም። ቃሉም ጉርሻ ነው፤ ጉርሻ ደግሞ ከእጅ ወደ አፍ ነው እንጂ በሦስተኛ ሰው በኩል አይላክም።

ስለዚያ ፎቶ አንድ ነገር ልጨምር። አስተናጋጇ ስልካችሁን አሳዩኝ ስትል የሚቆጡ ደንበኞች አይቻለሁ፤ እባካችሁ አትቆጡ። የተቀነባበረ የክፍያ ምስል አሳይተው የሚሄዱ ሰዎች አሉ፤ ብሩ ሳይገባ ሲቀር ጉድለቱ የሚወድቀው በልጅቷ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልፈቀደ፣ ሠራተኛውም በጽሑፍ ካልተስማማ ደመወዝ አይቆረጥም ይላል፤ ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። በተግባር ግን ይህን ጠቅሳ የምትከራከር የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አላጋጠመችኝም። ስለዚህ በቴሌብር ከከፈላችሁ ከ127፣ ማለትም ከራሱ ከቴሌብር፣ የመጣውን መልእክት ራሱን ክፈቱላት፤ ባለቤቱ ዘንድ መድረሱን እስክታረጋግጥም ጠብቋት። ከመላካችሁ በፊት ደግሞ በስልኩ ላይ የሚመጣውን የተቀባይ ስም ጮክ ብላችሁ አንብቡላት። ብዙ ጊዜ የሚወጣው የድርጅቱ ስም ሳይሆን የባለቤቱ ወይም የባለቤቱ ሚስት ስም ነው።

አሁን ወደ ዘመዴ ካርድ። አሜሪካ ውስጥ ደንበኛ በካርድ ሲከፍል ነጋዴው ለባንኩና ለካርድ ድርጅቱ የተወሰነ በመቶ ይከፍላል፤ አንዳንዱ ነጋዴ ያንን ወጪ ደንበኛው ላይ ይጨምረዋል። ቪዛ ይህ ጭማሪ ከ3 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ማሳቹሴትስና ኮኔቲከት ጨርሶ ከልክለውታል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በተራ ሸማቾች ካርድ ላይ እንዳይጨመር ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አግዷል። እኛ ዘንድ የብድር ካርድ የሚባለው የለም ማለት ይቀላል፤ በኪሳችን ያለው የኤቲኤም ካርድ የራሳችንን ገንዘብ የሚያወጣ ነው። ወለድ የሚያሰጋቸው የእኔ ቤተሰቦችም ይህን ካስረዳኋቸው በኋላ ነው ካርድ ያወጡት።

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ፖስ ማሽን (በካርድ የሚከፈልበትን መሣሪያ) የምታገኙት በአብዛኛው በትልልቅ ሆቴሎች ነው። እዚያም ቢሆን ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል ከማዘዛችሁ በፊት «ማሽኑ ዛሬ ይሠራል?» ማለት ከብዙ እፍረት ያድናል። በካርድ ስለከፈልኩ ጭማሪ የጠየቀኝ ሆቴል የለም፤ ከውጭ ለመጣ ሰው ግን የገዛ ባንኩ በውጭ አገር ግብይት ላይ የራሱን ክፍያ ሊቆርጥ ይችላል። ለዘመዴ የመከርኳት በየምግብ ቤቱ ካርድ ከመምዘዝ አንድ ጊዜ ከንግድ ባንክ ወይም ከዳሽን ኤቲኤም ብር እንድታወጣ ነው።

ከቴሌብር፣ ከባንክ ዝውውርና ከጥሬ ገንዘብ የቱ ይሻላል ለሚል፣ ለምግብና ለመጠጥ የእኔ ምርጫ ቴሌብር ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ስላለ ትንሿ ጁስ ቤት እንኳ ቁጥሯን ግድግዳ ላይ ለጥፋለች። በነጋዴ ቁጥር ስከፍል ከእኔ ላይ ተጨማሪ ተቆርጦብኝ አያውቅም፤ ለግለሰብ ቁጥር ስከፍል ግን የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጣል። ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንክ መላክም እንዲሁ ነው፤ በክፍያው ላይ ደግሞ 15 በመቶ ቫት ይታከልበታል። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ለአንድ ማኪያቶ ሲሆን አይመጥንም።

ሱቅ ላይ ነገሩ ይለያል። ደሴ አራዳ አካባቢ አንድ ጫማ ቤት በ2,800 ብር ተስማምተን ስልኬን ሳወጣ «በባንክ ከሆነ 2,900 ነው» ተባልኩ። ምክንያቱን ስጠይቅ ባለሱቁ ዕቃ የሚያመጣው በጥሬ ገንዘብ እንደሆነና ብር ለማውጣት ባንክ ተሰልፎ እንደሚውል ነገረኝ። ድካሙ ይገባኛል፤ ግን ከተስማማን በኋላ መጨመሩን አልቀበልም። ጫማውን ትቼ ሁለት ሱቅ አልፌ በዚያው በ2,800 ብር በቴሌብር ገዛሁ። እናንተም ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት «በስልክም ያው ነው?» በሉ፤ ደረሰኝ መጠየቅም አትርሱ።

የሚያስደነግጠው ጭማሪ ካርድ ላይ ሳይሆን ሜኑ ላይ ነው። በአንዳንድ ሆቴል የሜኑው ግርጌ ላይ በደቃቃ ፊደል 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ ቫት ይጨመራል ተብሎ ተጽፏል። 400 ብር ያላችሁት ምግብ አገልግሎቱ ሲታከል 440፣ ቫቱ በዚያ ላይ ሲሰላ 506 ብር ይሆናል። ሌላው ሆቴል ሁሉንም አጠቃልሎ ይጽፋል። ስለዚህ ሁለት ሆቴል ስታወዳድሩ የሜኑውን ግርጌ አንብቡ፤ ረከሰ ያላችሁት ሊወደድ ይችላል። የአገልግሎት ክፍያው ለሠራተኛው የታሰበ ነው፤ ከላይ የጠቀስኩት አዋጅም ከደንበኞች የሚሰበሰበው የአገልግሎት ክፍያ ደመወዝ እንዳልሆነ ይደነግጋል፤ አሠሪው ደመወዟን በእሱ ሊተካ አይችልም ማለት ነው። የተከፈለበት ቤት ሌላ ጉርሻ ግዴታ የለባችሁም፤ እኔ ግን ሠራተኞቹ በትክክል ይደርሰናል ካላሉኝ በስተቀር ትንሽ እጨምራለሁ።

በመቶኛ ለጠየቀችኝ ዘመዴ ደግሞ፦ አሜሪካ ውስጥ 20 በመቶ የሚሰጠው ምክንያት ስላለው ነው። በፌዴራሉ ሕግ ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ ቢከፍል ይፈቀድለታል፤ ብዙ ግዛቶች ከፍ ቢያደርጉትም ይህ መነሻ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልተለወጠም። እኛ ጋር ለግል ተቀጣሪ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ በመቶ አስልቶ የሚሰጥም የለም። እኔ ለቁርስና ለሽሮ 20 ብር፣ ለምሳ 30 ወይም 50፣ ብዙ ሆነን ጠረጴዛ ከሞላን 100 ብር እተዋለሁ። ሥጋ ቤት ስትገቡ ከአስተናጋጁ ሌላ ሥጋውን መርጦ የሚቆርጥላችሁን ሰው አስቡት፤ ሽንጡን ከየት እንደሚያወጣ የሚያውቀው እሱ ነው። ባለቤቷ ራሷ የምታፈላው የጀበና ቡና ላይ ጉርሻ አይለመድም፤ መልሱን ብትተዉላት ግን ትመርቃችኋለች። ሴቶች ፀጉር ቤት ውስጥ ሹሩባ ሠሪዋ ዋጋዋን ትቀበላለች፤ ፀጉር የምታጥበው ልጅ ግን ብዙ ጊዜ የምትረሳ ናት፤ እህቴ ሁልጊዜ ለእሷ ለብቻ 50 ብር ትይዛለች። ባጃጅ ላይ አይጠበቅም።

ወረቀት ብር ያዙ ማለቴ ለጉርሻ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱንም ከተሞች ባዳረሰ ጊዜ ባንኩ ተዘግቶ ስልኩም ተቋርጦ ኪሳችን ውስጥ ባለው ብቻ ያደርንበትን ጊዜ የዚህ አገር ሰው አይረሳውም። ዛሬም መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲደክም የበላችሁትን ሳትከፍሉ ቁጭ ብላችሁ መጠበቅ ይመጣል።

ዘመዴን ከመውሊድ ማግስት ምሳ የምጋብዛት እዚያው ኮምቦልቻ ምግብ ቤት ነው፤ ያቺ አስተናጋጅ አሁንም እዚያ ናት። ዘመዴን ከመውረዳችን በፊት ባንክ ገብታ በመስኮት 500 ብር በአሥርና በሃምሳ እንድታስዘረዝር ነግሬያታለሁ፤ ኤቲኤሙ የሚሰጣት ትልልቁን ብቻ ነውና።