ከዚራ የተገኘ አሮጌ ሳክስፎን፦ ልግዛው ወይስ ልለፈው?

ጠያቂ፦ የለገሃሬው

የተከበራችሁ የትንፋሽ መሣሪያ ወዳጆች፤ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የሠርግ ባንድ ኪቦርድ እጫወታለሁ፤ አልቶ ሳክስፎንም ከጓደኛዬ እየተዋስኩ ጥቂት ለምጃለሁ። በቅርቡ ከዚራ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ከአያት የወረሰውን ሳክስፎን ሊሸጥ መሆኑን ሰምቼ ሄጄ አየሁት። አካሉ ጠቁሯል፤ በጣት ሲታሽ ግን ከሥሩ ብር ይታያል። በደወሉ (ድምፅ በሚወጣበት ሰፊ አፉ) ላይ ከአበባ ቅርጽ ጋር «ኮን» የሚል የኩባንያ ስምና «ኤልክሃርት፣ ኢንዲያና» የሚል ጽሑፍ ተቀርጾበታል። ከጀርባው ደግሞ «ዲሴምበር 8፣ 1914» የሚል ቀን፣ ከሥሩ 1119954 የሚል ቁጥር፣ ቀጥሎ የላቲኑ «ሲ» ፊደል፣ ከዚያም በ«ኤም» የሚጀምርና 150 ሺህን ያለፈ ሌላ ቁጥር፣ በመጨረሻም «ኤል» የሚል ፊደል ተመትቶበታል።

ሻጮቹ መሣሪያው በ1914 የተሠራ ነው፤ እንዲያውም ከአርባዎቹ የአርመን ልጆች አንዱ ይዞት የመጣ ነው ይላሉ። የጠየቁት 40 ሺህ ብር ነው። አልቶ ይመስለኛል፤ ቢሆንም እጄ ላይ ካለው አልቶ ዘለግ ይላል። ዋጋው ተገቢ ነው? እዚሁ ድሬዳዋ ወይም ሐረር ውስጥስ ሊጠገን ይችላል?

መልስ፦ የሸዋ በር ቴነር

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ስለ ቀኑ ልናገር፤ ብዙ ገዢ የሚታለለው በእርሱ ነውና። ዲሴምበር 8 ቀን 1914 የፈጠራ ባለቤትነት መብት የተሰጠበት ቀን ነው፤ 1119954ም የዚያው መብት ቁጥር ነው። ይህ ማኅተም ከዚያ በኋላ ለዓመታት በተሠሩ የኮን ሳክስፎኖች ላይ ሁሉ ስለሚገኝ፣ የመሣሪያውን ዕድሜ የሚነግረው በ«ኤም» የሚጀምረው ተከታታይ ቁጥር ብቻ ነው። 150 ሺህን ካለፈ፣ መሣሪያው የተሠራው በ1920ዎቹ አጋማሽ አካባቢ ነው ማለት ነው፤ ሁሉንም በአውሮፓ አቆጣጠር እናገራለሁ።

ከዚህ ይልቅ ዋጋውን የሚወስነው «ሲ» የሚለው ፊደል ነው። በኮን መሣሪያዎች ላይ «ኤ» ከሆነ አልቶ፣ «ቲ» ከሆነ ቴነር ነው፤ «ሲ» ከሆነ ግን ሲ ሜሎዲ የሚባለው ሳክስፎን ነው። ይህ ዓይነት ከቴነር በአንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ከአልቶ ደግሞ በአንድ ድምፅ ተኩል ዝቅ ይላል። ብዙዎቹ የኮን ሲ ሜሎዲዎች አንገታቸው የአልቶ አንገት ስለሚመስል ከአልቶ ጋር ቢያምታታዎ አያስደንቅም። በአሜሪካ በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ፣ ፒያኖ ባለበት ቤት ሁሉ ከዘፈን ወረቀት ላይ ኖታ ሳይለውጡ ለመጫወት ስለሚያመች እጅግ ተወዳጅ ነበር። የኢኮኖሚ ቀውሱ ሲመጣ ፍላጎቱ ወደቀ፤ ኩባንያዎቹም መሥራታቸውን ተዉት። በዚህ ምክንያት ዛሬ ከዚያው ዘመንና ከዚያው ኩባንያ አልቶ ወይም ቴነር ጋር ሲነጻጸር ዋጋው በጣም ዝቅተኛ ነው።

የአርባዎቹን ልጆች ታሪክ በተመለከተ፣ ልጆቹ በ1924 ከኢየሩሳሌም መምጣታቸውና በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ ባንድ መመሥረታቸው የታወቀ ነው። ነገር ግን የማርሽ ባንድ የሚጠቀመው በኢ ቤሞልና በቢ ቤሞል የተቃኙትን አልቶና ቴነር ነው። አዶልፍ ሳክስ ራሱ በ1846 መብቱን ሲያስመዘግብ መሣሪያዎቹን ለሁለት ከፍሎ፣ በኤፍና በሲ የተቃኙትን ለኦርኬስትራ፣ ሌሎቹን ለወታደራዊ ባንድ ነበር ያሰበው። ስለዚህ ሲ ሜሎዲ ከባንዱ ወጣ ማለት ሩቅ ነው። የአንድ ነጋዴ ወይም የምድር ባቡር ሠራተኛ የቤት መዝናኛ ነበር ብል ይቀለኛል። ለታሪኩ ተብሎ የሚጨመር ብር ግን አይኑር።

«ኤል» የሚለው ፊደል መልካም ዜና ነው። ዝቅተኛው ቅኝት፣ ማለትም ላ በሰከንድ 440 ንዝረት የሆነበት የዛሬው መደበኛ ቅኝት መሆኑን ያመለክታል። «ኤች» ቢሆን ኖሮ ከኪቦርድዎ ጋር ፈጽሞ አይስማማም ነበር፤ የቀዳዳዎቹ ርቀት አንዴ የተወሰነ ስለሆነ ማውዝፒሱን (በአፍ የሚያዘውን መንፊያ) ወደ ውጭ በመሳብ ብቻ አይስተካከልምና።

መልስ፦ ቁልፍና ሞላ

የሸዋ በሩ ወንድማችን ስለ ማንነቱ በሚገባ አስረድተዋል፤ እኔ ደግሞ የመሣሪያ ጠጋኝ እንደ መሆኔ ስለ ጤንነቱ ልጨምር። ሲገዙ የሚበላሸውንና የሚተካውን ከማይተካው መለየት ያስፈልጋል። ፓዶች (ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑት ቆዳ ለበስ ክቦች)፣ ቡሾችና ሞላዎች ሁሉም የሚተኩ ናቸው፤ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ደኅና ሆነው ቢገኙ ነው የሚገርመው። በድሬዳዋ ደረቅ ሙቀት ደግሞ የፓዱ ቆዳ እንደ ካርቶን ይደርቃል፤ የአንገቱ ቡሽም ይሰነጠቃል። እነዚህን አይተው አይደንግጡ፤ የሚደራደሩባቸው ነጥቦች ብቻ ናቸው።

የሚያስፈራው አንገቱ ነው። ተጭኖ ወደ ታች የታጠፈ እንደሆነ ከጎን ሆነው ይመልከቱት፤ ክቡ ቱቦ ሞላላ ከሆነ ወይም በላዩ ላይ መጨማደድ ከታየ፣ ቅኝቱ ተዛብቷል። ከሌላ ሳክስፎን የተወሰደ አንገት ከሆነማ ጨርሶ አይግዙ፤ የሲ ሜሎዲ አንገት በቀላሉ አይገኝም። ቀጥሎ ቁልፎቹን የተሸከሙትን ትንንሽ ምሰሶዎች ይመርምሩ፤ በካውያ ከመበየድ ይልቅ በሳልዳቱራ የተያዙ ካሉ ናሱ ተቃጥሏል ማለት ነው። ብሩ በተላጠበት ቦታ ሮዝ የሚመስል ነጠብጣብ ካዩ፣ ከናሱ ውስጥ ዚንኩ እየወጣ መዳቡ ብቻ መቅረቱን ያሳያል፤ በአንገቱ ላይ ከሆነ አሳሳቢ ነው።

የዚያ ዘመን የኮን ሳክስፎኖች የቀዳዳ ከንፈር ወደ ውጭ የተጠቀለለ ነው። ፓዱ በደንብ አልገጥም ሲል ቀዳዳውን በሞረድ ለማስተካከል የሚሞክር ባለሙያ ካጋጠመዎ መሣሪያውን ይዘው ይውጡ፤ ጥቅሉ አንዴ ከተበላ አይመለስምና።

ለማጽዳት ሲባል በሎሚና በአመድ ወይም በአሸዋ ወረቀት መፈግፈግ በእኛ አገር የተለመደ ነው፤ እባክዎ አያድርጉት። ጥቁሩ ነገር ብሩ በአየር ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ተዋህዶ የፈጠረው ስስ ሽፋን ነው፤ መሣሪያውንም አይጎዳውም። ፈግፍገው የሚያነሡት ግን ብሩን ራሱን ነው፤ ከእርሱም ጋር ቅርጻ ቅርጹንና ማኅተሙን ያደበዝዙታል። ቁልፎቹ ሁሉ ከተፈቱ በኋላ ለብር በተሠራ ማጽጃና በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብሎ ማሸት ይበቃል።

ጠያቂ፦ የለገሃሬው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ተመልሼ ሄጄ በምክራችሁ መሠረት አየሁት። አንገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ቱቦውም ክብነቱን አልለቀቀም። ሮዝ ነጠብጣብ አላየሁም። ከታች በሚታጠፈው ክፍል ላይ ጎድጎድ ያለ ምት አለው፤ አንድ የቁልፍ ዘንግ ዝጎ አልንቀሳቀስ ብሏል፤ ሞላዎቹም ግማሾቹ ተሰብረዋል። ማውዝፒሱ የለም። የሰፈራችን ባቲላሜራ ምቱን በመዶሻ አውጥቼ እሰጥሃለሁ ብሎኛል፤ ላሳየው?

መልስ፦ ቁልፍና ሞላ

አያሳዩት። የባቲላሜራ ሙያ ለመኪና ቆርቆሮ ነው፤ የሳክስፎን ናስ እጅግ ስስ ስለሆነ በመዶሻ ሲመታ ይለጠጣል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቦታው አይመለስም። ምቱ የሚወጣው ከውስጥ በሚገባ የብረት ኳስና ዘንግ ነው። ድምፁን ካልከለከለ እንዳለ ቢተዉት ይሻላል።

ለዛገው ዘንግ ግን ከምድር ባቡር ወርክሾፕ የወጡ የቶርኖ ባለሙያዎች ድሬዳዋ ውስጥ አሉላችሁ፤ ከእነርሱ የተሻለ እጅ አዲስ አበባም በቀላሉ አይገኝም። ዘይት ጨምረው ያሳድሩት፤ ቀስ ብለው ያሙቁት፤ በካቻቪቴ በኃይል አይጠምዝዙት፤ የብሎኑ አናት ከተበላ ሥራው በእጥፍ ይጨምራል። የሞላ መርፌዎቹ ከሰማያዊ ብረት የተሠሩ ስለሆኑ ከውጭ ማዘዝ ይሻላል፤ እስከዚያው ግን ተስማሚ ውፍረት ያለው የስፌት መርፌ ለጊዜው ሊያገለግል ይችላል፤ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ የሐረሩ መኪና ግርግር፣ ለዚህ ሳይጠቅም አይቀርም።

ፓድ ከማዘዝዎ በፊት የእያንዳንዱን ቁልፍ ክዳን ውስጣዊ ስፋት በሚሊሜትር ይለኩ፤ ለአልቶ ወይም ለቴነር ተብሎ በጥቅል የሚሸጠው አይገጥምም። ፓዱ የሚጣበቀው ሸላክ በሚባል ሙጫ ነው፤ ሲሞቅ ስለሚለሰልስ እስኪገጥም ድረስ ፓዱን ማዟዟር ይቻላል። ሲጨርሱ በጨለማ ክፍል ውስጥ ትንሽ አምፖል በቱቦው ውስጥ አውርደው ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይዝጉ፤ ብርሃን ያመለጠበት ቦታ ሁሉ አየርም ያመልጥበታል። መብራት በሚጠፋበት ምሽት በባትሪ ብትሠሩት ጨለማው በነጻ ነው።

መልስ፦ የሳቢያን አስተማሪ

እኔ ከሁላችሁም በመለየት እንዳይገዛ እመክራለሁ። ለጀማሪ የሚያስፈልገው በየቀኑ የሚነፋ መሣሪያ ነው። ሙሉ ፓድ፣ ሞላና ማውዝፒስ ከውጭ አስመጥቶ፣ ለሠራተኛው ከፍሎ፣ ወጪው መሣሪያው ሊሸጥ ከሚችልበት ዋጋ ያልፋል። ያገለገለ ግን የሚሠራ አልቶ ቢገዛ ዛሬውኑ መለማመድ ይጀምራል፤ ማውዝፒስም ሪድም (በማውዝፒሱ ላይ የሚታሰረው ስስ ሸምበቆ) አይቸግረውም፤ ሲፈልግም መልሶ ይሸጠዋል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላውን ያሰሙበትን የቴነር ድምፅ የሚመኝ ከሆነም ሲ ሜሎዲ አይሰጠውም፤ ድምፁ ቀለል ያለና ለስላሳ ነው።

መልስ፦ የሸዋ በር ቴነር

የአስተማሪው ሒሳብ ትክክል ነው፤ ለትርፍ ወይም ለመጀመሪያ ትምህርት የሚገዛ ሰው ይህን አይንካው። ነገር ግን ጠያቂው ኪቦርድ ተጫዋች መሆኑን አትርሱ። ዘፋኙ በሲ ወይም በኤፍ ሲጀምር አልቶ የያዘ ሰው ኖታውን በአእምሮው ይቀይራል፤ ሲ ሜሎዲ የያዘ ግን ኪቦርዱ ላይ የሚያውቀውን ኖታ በስሙ ይነፋዋል። ለሠርግ ቤት ሥራ ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም። ማውዝፒሱንም በተመለከተ የቴነር ማውዝፒስ ከቴነር ሪድ ጋር ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ቅኝቱን በስልክዎ ላይ ባለው መቃኛ ከላይኛውም ከታችኛውም ኦክታቭ ያረጋግጡ፤ ከተዛባ ለሲ ሜሎዲ ተብሎ ዛሬም የሚሠራ አለ።

40 ሺህ ግን አይክፈሉ። የፓዱን፣ የሞላውንና የማውዝፒሱን ዋጋ አስቀድመው ጠይቀው በወረቀት ይያዙና ለቤተሰቡ በትሕትና ያሳዩአቸው። አያታቸውን በማክበር እንጂ ዕቃውን በማጣጣል አይጀምሩ፤ ሰዎቹ የ1914ን ነገር የሚናገሩት ከልብ አምነውበት ነው።

ጠያቂ፦ የለገሃሬው

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሳቢያኑ አስተማሪ ያሉትንም በደንብ አስቤበታለሁ፤ አልቶውን ከጓደኛዬ መዋሴን አልተውም፤ ይህንን ግን ለባንዱ ነው የምፈልገው። ለቤተሰቡ 15 ሺህ ብር አቅርቤ፣ ከተስማሙ የምድር ባቡሩ ቶርኖ ባለሙያ ዘንጉን አላቅቆ እስኪያሳየኝ ድረስ ግማሹን ብቻ ልክፈል ብያቸዋለሁ። ትልቁ ልጃቸው ሊያማክራቸው ነው። እስከዚያው የቁልፍ ክዳኖቹን ስፋት ለመለካት ፈቅደውልኛል፤ ልኬቱን እንደ ጨረስኩ እዚህ አስቀምጠዋለሁ፤ ቁልፍና ሞላ እባክዎ ይመልከቱልኝ።