የራሴን ምእመናን ማጥናት እችላለሁ?

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፓስተር ነኝ፤ በሳምንቱ መሀል ደግሞ የኅብረተሰብ ጤና አስተምራለሁ፣ ጥናትም እሠራለሁ። አሁን በደም ግፊት ላይ አንድ ጥናት አስቤያለሁ። ማን ግፊት እንዳለበት፣ ማን መድኃኒቱን እንዳቋረጠ፣ ለምን እንዳቋረጠ ማወቅ ነው የምፈልገው። የማገለግልበትን ቤተ ክርስቲያን የመረጥኩት ሰዉ ስለሚያምነኝ ነው። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው ግን ወረቀቴን መለሰው። "ተሳታፊዎቹ እርስዎን እንዴት ብለው እምቢ ይላሉ?" ይላል። እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። ባለፈው እሁድ የስምምነት ቅጹ ለሰው ይገባ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ለአንዲት እናት ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን እንኳ ከቦርሳ አላወጡም። "እርስዎ ካሉ ምን አነባለሁ፣ ፓስተር" ብለው ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ ንዴቱ ለቆኝ ሌላ ነገር ያዘኝ። ምን ትሉኛላችሁ?

መረጃ ሰብሳቢዋ፦
ፓስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና መጀመሪያ ያንን ቅጽ ያስወግዱት። ኮሚቴው ሳይፈቅድ ማስፈረም ለሙከራም ቢሆን አይቻልም፤ ይህንን ደግሞ ለተማሪዎችዎ የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት። ሁለተኛ፣ ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው እርስዎ አይሁኑ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም አይሁን። ከእሁድ ውጭ፣ ከግቢው ውጭ ይደረግ። ማን ተሳተፈ ማን አልተሳተፈ የሚለውን እርስዎ ጨርሶ አይወቁ። ስሙ በኮድ ይተካ፣ ስምና ኮዱን የሚያገናኘውን ዝርዝር ሌላ ሰው ይያዘው።

ሌላው የመልሱ ነገር ነው። አንድ ጊዜ መጠይቅ ስሞላ አንድ አባወራ፣ ሽማግሌው አጠገባችን ቆመው ሳለ፣ አልኮል በሕይወቱ ቀምሶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ሽማግሌው ዞር ሲሉ ድምፁን ቀነስ አድርጎ "እስቲ ያቺን ጥያቄ ድገሚያት" አለኝ። ፓስተሩ ራሱ ሲጠይቅማ ምን እንደሚባል ያስቡት። መድኃኒቱን ትቶ በጸሎት ብቻ የተቀመጠ ሰው ለእርስዎ "አልተውኩም" ነው የሚለው፣ ወይ ደግሞ ደስ ይበልዎ ብሎ የሌለ ነገር ይጨምራል።

አንዱን ምረጥ፦
እኔ ግልጹን ልናገር። "ስለሚያምኑኝ መረጥኳቸው" የሚለው አባባል ያስፈራኛል። አሜሪካ ውስጥ ተስኪጊ ላይ ከ1932 እስከ 1972 የተሠራውን ያውቁታል። ቂጥኝ ያለባቸው ጥቁር ወንዶች ሕክምና እያገኙ መስሏቸው ለ40 ዓመት ተጠኑ፤ ፔኒሲሊን የታወቀ መድኃኒት ከሆነ በኋላም አልተሰጣቸውም። ነጻ ምርመራ፣ ምግብና የቀብር ወጪ ነበር መሳቢያው። በሰው ላይ ለሚደረግ ጥናት የሥነ ምግባር መርሆችን ያስቀመጠው የቤልሞንት ሪፖርት በ1979 የወጣው ከዚያ ቅሌት በኋላ ነው። እርስዎ እንደዚያ ክፉ ነዎት አላልኩም። ግን ወይ ይስበኩ ወይ ይመራመሩ።

ነርስና አገልጋይ፦
ከላይ ያልከው አይዋጥልኝም። ምረጥ የሚባል ቢሆን ኖሮ ብዙ ነገር ይቀር ነበር። በ1721 ቦስተን ፈንጣጣ ሲገባ ክትባት የሚመስለውን ዘዴ አጥብቆ የገፋው ኮተን ማዘር የሚባል ሰባኪ ነው። ዘዴውን የሰማው ኦኔሲመስ ከሚባል በባርነት ከያዘው አፍሪካዊ ነው (ይህቺን ብዙ ሰው ይዘላታል)። በሽታው ከያዛቸው ከመቶው 14 ያህሉ ሲሞቱ፣ ዘዴው ከተሠራላቸው 240 ገደማ ሰዎች የሞቱት 6 ናቸው። ሰዉ ግን አላመሰገነውም፣ በመስኮቱ ፈንጂ ወረወሩበት። በ2014ም ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካን ሲያምስ፣ አስከሬን ማጠብና መንካት በሽታውን ያዛምት ስለነበር፣ ቀብሩ ክብሩን ሳያጣ እንዴት ይፈጸም የሚለውን የጤና ባለሙያ ብቻውን አልፈታውም። የክርስትናና የእስልምና መሪዎች አብረው ተቀመጡ።

ወንድሜ ጠያቂው፣ አንድ የሙያ ነገር ልጨምርልህ። አምልኮ እንዳለቀ ግፊት እንዳትለካ። ሰዉ አንድ ሰዓት ቆሞ ዘምሮ፣ እልል ብሎ፣ ወዲያው ክንዱን ቢሰጥህ የምትለካው ዝማሬውን ነው። 5 ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ፣ ጀርባው ይደገፍ፣ እግሩን አያነባብር፣ አያውራ። ሁለቴ ለካ። ደግሞ እሁድ የምታገኘው መምጣት የቻለውን ሰው ነው። ስትሮክ መትቶት ቤት የዋለው ናሙናህ ውስጥ የለም።

ጠያቂው፦
ተባረኩ። ቅጹን ቀድጄዋለሁ፣ ለኮሚቴውም ራሴ ነግሬያለሁ፤ ደስ አላላቸውም። ለጥናቱ ሌላ ቤተ ክርስቲያን እፈልጋለሁ። የራሴ ምእመናን ምርመራውንና ትምህርቱን ያግኙ፣ ከእነሱ አንድም ቁጥር አልወስድም። እናታችንንም ሄጄ ወረቀቱ እንደቀረ ስነግራቸው "ታዲያ ግፊቴን ማን ይለካልኝ?" አሉኝ፤ ለካሁላቸው፣ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱም መከርኳቸው። አሁን የቀረኝ የስም ዝርዝሩን የሚይዝ ሰው ነው። አንድ ጎበዝ የማስተርስ ተማሪ አለኝ፣ እሱ ቢይዘው ይሆናል?

መረጃ ሰብሳቢዋ፦
የትምህርት ውጤቱን የሚሞሉለት እርስዎ ነዎት አይደል? "ዝርዝሩን እስቲ አሳየኝ" ቢሉት እሱስ እንዴት ብሎ እምቢ ይልዎታል፣ ፓስተር?