የእናቴ የጉልበት ቁስል አልድን ብሏል፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

እባካችሁ፣ ግራ ገብቶኛል። እናቴ ሰው ሠራሽ ጉልበት ከተገጠመላት አምስት ሳምንት ሆናት። በሰባተኛው ቀን ስፌቱ ጫፍ ላይ መግል የቋጠረች ትንሽ እብጠት ወጣች። በሦስት ቀን ውስጥ መዳፍ የሚያህል ቁስል ሆነች። ጠርዙ ወይን ጠጅ ነው፣ ከሥሩ ተቦርብሯል። ሕመሙስ አይጣል ነው! አንሶላ ሲነካት ትጮኻለች።

ኢንፌክሽን ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ወሰደች። ሁለት ጊዜም ቁስሉን ፍቀው አጸዱት። በፋቁት ቁጥር ይሰፋል። የካልቸር ምርመራው ግን ሁለቴም ባክቴሪያ አላሳየም።

አሁን የቆዳ ሐኪሟ «ፓዮደርማ ጋንግሪኖሰም ይመስለኛል» አሉን። ስሙ ያስደነግጣል እንጂ ጋንግሪን (የሥጋ መበስበስ) አይደለም፤ አይተላለፍም። የሰውነት መከላከያው ራሱ ቆዳውን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው፤ መቁረጥ ያባብሰዋል። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን፣ የሰውነት መከላከያን የሚያበርድ ስቴሮይድ ትጀምር ይላሉ። የአጥንት ሐኪሙ ደግሞ «ውስጡ ኢንፌክሽን ካለ ስቴሮይድ ጉድ ይሠራናል» ብለው እንደገና ሊከፍቱት ነው። እኔ መሀል ቆሜ ፈርም እባላለሁ።

እናቴ አልሰራቲቭ ኮላይቲስ (ትልቁን አንጀት የሚያቆስል ሕመም) አለባት። ከዚህ ቁስል ጋር እንደሚያያዝ የሰማሁት ገና ትናንት ነው፤ ቀድሞ የጠየቀን የለም፣ እኛም አልተናገርንም።

ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ተቀድቶ ተመርምሮ፣ ከዚያ ስቴሮይድ የጀመረ ሰው አለ? ቁስሉ መስፋቱን ያቆመው በስንት ቀን ነው? ሁለቱን ሐኪሞች አንድ ላይ ያስቀመጣችሁስ እንዴት አድርጋችሁ ነው?