ሰማዕታት ሐውልት ሥር መቀመጥ፣ ማጥናት፣ ፎቶ መነሣት ነውር ነው ትላላችሁ?

ጡረተኛው መምህር (ባሕር ዳር)

እንዴት ሰነበታችሁ? ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሐኪም የእግር ጉዞ ስላዘዘልኝ ወደ ሰማዕታት ሐውልት እወርዳለሁ። አባይ ዳር ያለው፣ ደርግን ሲታገሉ ለወደቁት የቆመው ማለቴ ነው። አሁን አሁን ጉዞውን ትቼ የሚመጣ የሚሄደውን ሰው ማየት ሥራዬ ሆኗል።

የተማሪዎቹ ነገር ይደንቀኛል። የባሕር ዳር ፀሐይ መቼም ታውቋታላችሁ፤ ልጆቹ ጥላውን እየተከተሉ ከዛፍ ሥር ወደ ደረጃው፣ ከደረጃው ወደ ግንቡ ሲዞሩ ይውላሉ። ሙሽሮች ሲመጡ ደብተር ይታጠፋል፤ እልልታው ሲያልቅ እንደገና ይገለጣል።

በቀደም አንዲት እናት መጡ። የታችኛውን ድንጋይ ዳሰስ አድርገው እጃቸውን ሳሙ፣ ልክ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደሚደረገው። ከዚያ ጀርባቸውን ለሐውልቱ፣ ፊታቸውን ለአባይ ሰጥተው ተቀመጡና ከመቀነታቸው ቆሎ ፈቱ። አጠገባቸው ለምታጠናው ልጅም «እንቺ የኔ ልጅ» ብለው ዘገኑላት። ልጅቷ በሁለት እጇ ተቀብላ ንባቧን ቀጠለች። እኔ ከዚህ የበለጠ አክብሮት አላውቅም።

ይህን የምጽፈው በሰፈራችን ስብሰባ «ቦታው መታሰቢያ ስለሆነ መቀመጥም፣ ማጥናትም፣ ሠርግም ይከልከል» የሚል ሐሳብ ስለተነሣ ነው። በፍጹም አልተዋጠልኝም። ግን በስሜት ብቻ ከምከራከር ያየሁትን በሥርዓት መዝግቤ ባቀርብ ይሻላል። ምን ምን ልጻፍ? መቼ መቼ ልሂድ? ሰዉ የሚሰለል እንዳይመስለውስ ምን ላድርግ?

የማርቆስ ልጅ (አዲስ አበባ)

መምህር፣ ከተማ ፕላን ላይ ነው የምሠራው፤ ጥያቄዎ ደስ አሰኝቶኛል። ዊልያም ዋይት የሚባል አሜሪካዊ የኒው ዮርክን አደባባዮች ልክ እንደ እርስዎ ተቀምጦ፣ ካሜራም ተክሎ አጥንቷል። ያገኘው ነገር ቀላል ይመስላል፦ ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው። ከተማዋ በሥራው ተመርታ በ1975 እ.ኤ.አ. ደንቧን አሻሽላ አደባባይ የሚሠሩ ባለሕንፃዎችን መቀመጫ እንዲያዘጋጁ አስገደደች። ሴቶች በብዛት የሚቀመጡበት ቦታ ጥሩ ቦታ እንደሆነም ይናገር ነበር፤ ሴት ቦታ ትመርጣለች። ስለዚህ ወንድና ሴቱን፣ ብቻውን የመጣውንና ከሰው ጋር የመጣውን፣ ጥላና ፀሐዩን ይለዩ። ስም አይጻፉ፣ የሰው ፊት ፎቶ አያንሡ። የሚጠይቅዎ ካለ ደብተሩን ያሳዩት።

እዚህ 6 ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልት ያውቁታል። ፋሽስቶች በ1929 ለፈጇቸው ወገኖቻችን የቆመ ነው። የካቲት 12 በመጣ ቁጥር አበባ ይቀመጥለታል። በሌላው ቀን ግን መኪና ይዞረዋል፣ እኛም በታክሲ መስኮት አይተነው እናልፋለን። ሥሩ ቁጭ ብሎ ልጁን «እነዚህ እነማን ናቸው?» የሚያስባል አባት አላየሁም። የእናንተው እንዲህ እንዲሆን አልመኝም።

አባይ ፎቶ

ጋሼ፣ እዚያው ፎቶ በማንሣት የምተዳደር ነኝ፤ ሳላውቅዎት አልቀርም። በሁዳዴ ብቻ መዝግበው «ሠርግ የለም» እንዳይሉ አደራ። ሠርግ የሚበዛው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው። ተማሪ የሚጎርፈው ደግሞ ፈተና ሲደርስ ነው፣ ሰኔ ላይ በተለይ። በክረምት ዝናቡ ሲያባራ ደረጃው እርጥብ ስለሚሆን ሰው ቆሞ አይቶ ይመለሳል። ጠዋት ማልደው ከመጡ ደግሞ ስፖርት የሚሠሩትን ያገኛሉ። ሰው ጠፍቶ ሳይሆን ሰዓቱ ነው የሚለያየው።

እታለም (ዳንግላ)

እኔ ስለ መመዝገቡ አላውቅም። ወንድሜ በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ በዚያው ቀረ። ሐውልቱ ለእሱ አልቆመም፤ ሲዋጉት ለነበሩት ነው የቆመው፤ አውቃለሁ። ነገር ግን መቃብሩ የት እንደሆነ ስለማናውቅ ባሕር ዳር በመጣሁ ቁጥር እዚያ ተቀምጬ ነፍስ ይማር እለዋለሁ። እናቴም በሕይወት ሳለች እንዲሁ ታደርግ ነበር። ማንም ገብቶ «አንቺ የማን ነሽ?» ብሎን አያውቅም። መቀመጥ ቢከለከል እኔ ወዴት እሄዳለሁ? እኔን የሚከብደኝ የሠርግ መኪና ስፒከር ነው። ሙሽሮቹ ይምጡ፣ ይባረኩ፤ ስፒከሩን ግን ከበር ላይ ያጥፉልን።

ጡረተኛው መምህር (ባሕር ዳር)

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። እታለም፣ እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር። የስፒከሩን ነገር ለስብሰባው ከራሴ ሐሳብ አስቀድሜ አቀርበዋለሁ፤ ስምሽን አላነሣም። የማርቆስ ልጅ፣ ሴቶቹን ለይቼ አልጻፍኩም ነበር፤ ከነገ ጀምሬ እለያለሁ። አባይ ፎቶ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ካለህ እመጣለሁ፤ የጥር ወሩን ሠርግ አንተ ስለምታውቀው ቁጭ ብለን ትነግረኛለህ፣ እኔ እጽፋለሁ።