ዝናብ ባደረ ቁጥር ሞተሩ የሚንቀጠቀጠው ያሪስ

የ2008 ሞዴል ያሪስ አለኝ፤ ባለ 1.3 ሞተር፣ ማንዋል። በግንቦት ነው ከሰው እጅ የገዛሁት። ያኔ ሞተሩ ድምፁ እንኳ አይሰማም ነበር። ሐምሌ ሲገባ ጉዱ ወጣ።

ማታ ዝናብ ከዘነበ ጠዋት ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች፣ ዳገት ላይ ጉልበት የላትም፣ ቼክ ኢንጅን ይበራል። በዲያግኖስቲክ ሲታይ ኮዱ ሁሌ ፒ0302 ነው፤ ሁለተኛው ሲሊንደር በደንብ አይተኩስም ማለት ነው። መካኒኩ መጀመሪያ ኮይሉ (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ነው ብሎ ከሦስተኛው ጋር ቀያየረው። ኮዱ ግን ወደ ሦስተኛው አልሄደም፣ ንቅንቅ አላለም። አራቱንም ካንዴላ በአዲስ ቀየርኩ፤ ለአንድ ሳምንት ዝናቡ ጋብ ስላለ ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ኮይሉን ራሴ ነቀልኩት። የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ የቡና ሲኒ ሩብ የሚሆን ውሃ አቁሯል። የኮይሉ ላስቲክ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። በኮምፕረሰር አስነፍቼ ሳደርቀው መኪናዋ ልክ እንደ ድሮዋ ሆነች፣ እስከሚቀጥለው ዝናብ። ሌሎቹ ሦስቱ ጉድጓዶች ደረቅ ናቸው። የራዲያተር ውሃ አይጎድልም፣ ዘይቱም አልነጣም፤ ስለዚህ ከውስጥ የሚመጣ አይመስለኝም።

ከፓራብሬዛው ሥር ያለውን ፕላስቲክ ጠርዙን በሲሊኮን ደፍኜዋለሁ። በጄሪካን ውሃ ሳፈስበት ጠብ አላለም። ሌሊት ሲዘንብ ግን ያው ነው።

ይህ የገጠማችሁ ካላችሁ፣ ውሃው ሁለተኛው ሲሊንደር ላይ ብቻ የሚንጠባጠበው ከየት በኩል ገብቶ ነው?